ክኒኑን ትቶ ወደ መርፌው? አኩፓንክቸርና የቻይና ባህላዊ መድኃኒት ለሚጥል በሽታ

በቅርቡ ከደረሱን የአንባብያን ጥያቄዎች መካከል ሦስቱ በአንድ ጉዳይ ላይ፣ ማለትም ቀጫጭን መርፌዎችን በሰውነት ላይ በመትከል በሚሰጠው በአኩፓንክቸርና በቻይና ባህላዊ መድኃኒት ላይ ስለሚያተኩሩ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ደብዳቤዎቹ ረዘም ያሉ ስለነበሩ አሳጥረናቸዋል። መልሶቻችን አጠቃላይ መረጃ የሚሰጡ እንጂ የሐኪም ምርመራን የሚተኩ አይደሉም።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። የሚጥል በሽታ እንዳለባት ከታወቀ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ ካርባማዜፒን የሚባለውን ክኒን ጠዋትና ማታ ሳታቋርጥ ትወስዳለች። ሕመሙ ግን አልተዋትም። ጠዋት ከእንቅልፏ እንደተነሣች እጇ በድንገት ብርግግ ይልና የያዘችው የሻይ ብርጭቆ ይወድቃል። ለጥምቀት ከጓደኞቿ ጋር ጃንሜዳ አድራ በመጣች ዕለት ደግሞ ራሷን ስታ ወደቀች። ሜሪላንድ የምትኖረው እኅቴ አንድ የምታውቀው ሰው በአኩፓንክቸር እንደዳነ ነግራኛለች፤ እዚህ አዲስ አበባም ቻይናውያን ሐኪሞች ይህን ሕክምና እንደሚሰጡ ሰምቻለሁ። ክኒኑ ካልሠራላት አስቁሜ ወደ መርፌው ብወስዳት ምን ይመስላችኋል? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ እናታችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ ክኒኑን በራስዎ ውሳኔ አያስቁሙ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ አንዱ መንቀጥቀጥ ሳያባራ ሌላው የሚተካበት፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ሁኔታ ሊከተል ይችላል፤ ይህም መድኃኒቱ ሕመሙን በሚገባ ባልተቆጣጠረላቸው ሰዎች ላይ እንኳ ሊደርስ የሚችል ነገር ነው። መድኃኒት መቀየር ካስፈለገም አንዱን ቀስ በቀስ እየቀነሱ ሌላውን ቀስ በቀስ እየጨመሩ የሚከናወን፣ ሐኪም የሚከታተለው ሥራ ነው።

ስለ ቻይናውያን ሐኪሞቹ የሰሙት እውነት ነው። ቻይና ከእ.ኤ.አ. 1974 ጀምሮ ከሄናን ግዛት የተውጣጡ የሕክምና ቡድኖችን እየቀያየረች ወደ አገራችን ስትልክ የኖረች ሲሆን፣ በአቃቂ ቃሊቲ በሚገኘው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል የቡድኑ አባላት አኩፓንክቸር ይሰጣሉ። ወደዚያ የሚሄዱት ሰዎች ግን በአብዛኛው የወገብ፣ የአንገትና የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸው ናቸው። መርፌ ለወገብ ሕመም ይጠቅማል ማለትና የሚጥል በሽታን ያድናል ማለት የተለያዩ ነገሮች በመሆናቸው ማስረጃቸውም ለየብቻ መታየት አለበት።

በቻይና ባህላዊ ሕክምና አስተሳሰብ የሚጥል በሽታ በዋናነት የሚመጣው በሰውነት ውስጥ ከሚነሣ «ነፋስ» እና የአእምሮን መንገድ ከሚዘጋ «አክታ» ነው፤ ስለዚህ ሐኪሙ ነፋሱን ለማብረድና አክታውን ለማጥራት በአናት ላይ፣ በማጅራት ሥር፣ በእጅና በእግር ላይ በተወሰኑ ነጥቦች መርፌ ይተክላል፤ የሥራሥርና የነፍሳት ቅመምም ያዝዛል። ይህ ከ2,000 ዓመት በላይ የተከማቸ አስተሳሰብ ስለሆነ በአክብሮት ልናየው እንችላለን። ነገር ግን ዕድሜ ለአንድ ሕክምና ምስክር ሊሆን አይችልም፤ እንዲያ ቢሆን ኖሮ በየአገሩ ለዚህ በሽታ ሲሰጥ የኖረው ሁሉ ፈዋሽ በሆነ ነበር።

ወደ ማስረጃው ስንመጣ፣ በዓለም ዙሪያ የተደረጉ የሕክምና ሙከራዎችን አሰባስቦ የሚመረምረው ኮክሬን የተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው የታደሰ ግምገማ አኩፓንክቸርን ለሚጥል በሽታ የፈተኑ 17 ሙከራዎችን፣ በድምሩ 1,538 ታካሚዎችን ተመልክቷል። መደምደሚያው አኩፓንክቸርን ለዚህ በሽታ ሕክምናነት የሚደግፍ በቂ ማስረጃ የለም የሚል ነው። በእርግጥ ከሙከራዎቹ መካከል መርፌው ጥቅም ያሳየ የመሰለባቸው አሉ፤ ሆኖም አሠራራቸው ለስሕተት የተጋለጠና የክትትል ጊዜያቸው አጭር ስለነበር ገምጋሚዎቹ ሊተማመኑባቸው አልቻሉም። የቻይናን የቅመም መድኃኒቶች የተመለከተውና በዚያው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ግምገማም የደረሰው ከዚህ ብዙ በማይርቅ ድምዳሜ ላይ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለእኛ ይበልጥ አሳማኝ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1999 ውጤቱ የታተመ አንድ አነስተኛ የኖርዌይ ጥናት ነው። ሕመማቸው በመድኃኒት አልገታ ያላቸው 34 ሰዎች በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ክፍል በትክክለኞቹ ነጥቦች ላይ መርፌ ሲተከልለት ሁለተኛው ክፍል የማስመሰያ መርፌ ተደረገለት፤ ሕክምናው ለ8 ሳምንታት በ20 ቀጠሮዎች፣ በየቀጠሮው ለ30 ደቂቃ ተሰጠ። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ትርጉም ያለው ልዩነት አልተገኘም። የማስመሰያ መርፌው ነገር እዚህ ላይ ዋና ቁም ነገር ነው፤ ምክንያቱም የሚጥል በሽታ በተፈጥሮው አንድ ሰሞን ይበረታል፣ ሌላ ሰሞን ይሰክናል። ሰው አዲስ ሕክምና ፍለጋ የሚወጣው በበረታበት ሰሞን ስለሆነ፣ ምንም ባያደርግ እንኳ በቀጣዮቹ ሳምንታት ሊሻለው ይችላል፤ ምስጋናውን ግን በዚያን ጊዜ የነበረው ሕክምና ይወስደዋል።

እኅትዎ የነገሩዎትን ሰው በተመለከተ የሚዋሽ ሰው ነው አንልም። ብዙዎች መርፌውን የሚሞክሩት ክኒናቸውን እየወሰዱ ነው፤ መሻሻሉም የክኒኑ ሊሆን ይችላል። በልጅነት የሚጀምሩ አንዳንድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶችም አሉ፤ ልጁ ለአቅመ አዳም ሲደርስ በራሳቸው ይጠፋሉ።

ቻይና ራሷ ምን እንዳደረገች ማየቱ ደግሞ ብዙ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ በአምስት ግዛቶች ገጠሮች በተደረገ ጥናት ከ1,000 ሰው መካከል 4.6 ያህሉ ንቁ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው፣ ከእነዚህም 63 በመቶ የሚሆኑት ተገቢውን ሕክምና እንደማያገኙ ታወቀ። የቻይና የጤና ሚኒስቴርና የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ክፍተት ለመሙላት ሲነሡ ወደ ገጠሩ የላኩት አኩፓንክቸርን አልነበረም፤ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረውንና ለአንድ ሰው የዓመት ወጪው ጥቂት ዶላር ብቻ የሆነውን ፌኖባርቢታል ነው። ሥልጠና የወሰዱ የገጠር ጤና ባለሙያዎች 2,455 ሕሙማንን በዚህ ክኒን አከሙ። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው ውጤት መሠረት የ12 ወሩን ሕክምና ከፈጸሙት መካከል 68 በመቶው ሕመሙ የሚመላለስባቸው ጊዜ ቢያንስ በግማሽ ቀነሰላቸው፤ ከሦስቱ አንዱ ደግሞ ጨርሶ ቆመለት። የመርፌው አገር፣ መርፌ የሚተክል ባለሙያ ሞልቶ በተረፈበት አገር፣ ለገበሬዎቹ የመረጠው ክኒኑን ነው።

የእኛም አገር ችግር ከዚህ የተለየ አይደለም። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት መሪነት በቡታጅራ አካባቢ በተካሄደው ሰፊ ጥናት ከ1,000 ሰው 5.2 ያህሉ በሽታው እንዳለባቸው የተረጋገጠ ሲሆን፣ ዘመናዊ መድኃኒት አግኝተው የነበሩት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት በትክክል ተመርምረው በትክክል ቢታከሙ ሕመሙ ሳይነሣባቸው ሊኖሩ ይችላሉ።

«በትክክል» የሚለው ወደ ልጅዎ ይመልሰናል፤ በደብዳቤዎ ውስጥ ከአኩፓንክቸሩ ይልቅ ትኩረታችንን የሳበው የሻይ ብርጭቆው ነውና። በአሥራዎቹ ዕድሜ የሚጀምር፣ ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሡ እጅን ድንገት ብርግግ የሚያደርግ፣ ከዚያም አልፎ እንቅልፍ ባጡ ማግስት ራስን አስቶ የሚጥል አንድ የታወቀ የበሽታው ዓይነት አለ። ልጅዎ ይህ ይኑርባት አይኑርባት ከደብዳቤ መናገር አይቻልም። ይሁን እንጂ ይህ ዓይነት ከሆነ፣ ለሌሎች የሚጥል በሽታ ዓይነቶች እጅግ ጠቃሚ የሆነው ካርባማዜፒን ብርግግታውን ሊያባብሰው እንደሚችል በሕክምናው ዓለም በሚገባ ይታወቃል። ታካሚዎች ደግሞ የጠዋቱን ብርግግታ ከድንጋጤ ወይም ከግድየለሽነት ቆጥረው ለሐኪም ሳይናገሩ ይቀራሉ፤ ሐኪሙም ወረፋው በዝቶበት ሳይጠይቅ ያልፋል፤ የተጻፈው «ይወድቃል፣ ይንቀጠቀጣል» ብቻ ይሆንና መድኃኒቱም በዚያ ይታዘዛል።

ስለዚህ የምንመክርዎ፣ ለመርፌው ያሰቡትን ጊዜና ገንዘብ አስቀድመው የነርቭ ሐኪም ወይም ኒውሮሎጂስት ለማግኘት ያውሉት ዘንድ ነው፤ ወረፋው ረጅም ቢሆንም። ብርግግታው በየትኛው ሰዓት እንደሚመጣ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚደርስባት፣ እንቅልፍ ካጣች በኋላ እንደሚብስ በማስታወሻ ይዘው ይሂዱ። ከተቻለ አንዱን ጠዋት በስልክ ይቅረጹት፤ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ብዙ ጊዜ ከረጅም ገለጻ የበለጠ ይጠቅማል። የአንጎል የኤሌክትሪክ ምርመራ ሊታዘዝላት ይችላል። መድኃኒት መለወጥ ካስፈለገም አንድ ነገር ያንሡ፦ ለዚህ ዓይነት ሕመም በጣም የሚሠራው ቫልፕሮኤት በእርግዝና ጊዜ በጽንሱ ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያስከትል ለወጣት ሴቶች በተቻለ መጠን አይመረጥም፤ እንደ ሌቬቲራሴታም ያሉ አማራጮች ስላሉ በግልጽ ይወያዩባቸው። እስከዚያው ድረስ ልጅዎ በቂ እንቅልፍ እንድታገኝ ያድርጉ፤ በዓል አታክብር ማለታችን አይደለም፤ ማደሩ ግን ይቅርባት።

ከዚህ ሁሉ በኋላም መርፌውን ልሞክር ካሉ፣ ክኒኑ በሰዓቱ እስከተወሰደና መርፌው ንጹሕ እስከሆነ ድረስ የከፋ ጉዳት የማምጣቱ ዕድል አነስተኛ ነው። ጉዳት የሚያመጣው ክኒኑን መተኩ ነው።

አንዳንድ አኩፓንክቸር ሰጪዎች በጆሮ ላይ በሚተከል መርፌ ስለሚነቃቃ ነርቭ ሲናገሩ ይሰማል፤ ይህ ከባዶ የተነሣ ነገር አይደለም። ቬገስ የተባለው ነርቭ አንድ ቅርንጫፍ የጆሮ ቅርፊት ላይ ይደርሳል፤ ይኸው ነርቭ፣ ከደረት ቆዳ ሥር በሚቀበርና አንገት ውስጥ ከነርቩ ጋር በሽቦ በሚገናኝ መሣሪያ ሲነቃቃ በመድኃኒት ያልተገታ የሚጥል በሽታን ሊቀንስ ስለሚችል፣ መሣሪያው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 ተፈቅዷል። በጆሮ በኩል በኤሌክትሪክ የሚያነቃቁ መሣሪያዎችም፣ በቻይና ጭምር፣ ጥናት እየተደረገባቸው ነው። ሆኖም በቀዶ ሕክምና የሚተከል መሣሪያ ያስገኘውን ውጤት በጆሮ ላይ ለሚሰካ መርፌ መስጠት አይገባም፤ መሣሪያውም ቢሆን የሚሰጠው ከመድኃኒት ጋር እንጂ በመድኃኒት ፋንታ አይደለም።

ጥያቄ፦ እኔ ለንግድ ወደ ቻይናዋ ከተማ ጓንዡ የምመላለስ ሰው ነኝ። ለዓመታት የሚጥል በሽታ ላለበት ታናሽ ወንድሜ እዚያ ካለ ሱቅ «ሙሉ በሙሉ ከዕፅዋት የተሠራ» የሚል እንክብል ገዝቼ አመጣሁለት። ሆስፒታል የሰጠውን ክኒን ትቶ ይህን ከጀመረ ወዲህ አንድም ቀን አልወደቀም፤ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። አሁን ግን ያንቀላፋል፣ ሲራመድ ይንገዳገዳል፣ አንደበቱም ተሳስሯል። ማስቆም አለብኝ? (ነጋዴ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ወንድማችን፣ በራስዎ አያስቁሙት፤ ዛሬውኑ እንክብሉን ከነማሸጊያው ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ምክራችን ሊያስገርምዎ ስለሚችል ምክንያቱን እናስረዳ።

ከዕፅዋት ብቻ የተሠራ መድኃኒት ለዓመታት ያልቆመን የሚጥል በሽታ በአንድ ጊዜ ጸጥ ሲያደርግ፣ በውስጡ ያልተጻፈ ነገር መኖሩን መጠርጠር ተገቢ ነው። «ባህላዊ» ተብለው በሚሸጡ የሚጥል በሽታ እንክብሎች ውስጥ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታልን የመሰሉ የፋርማሲ መድኃኒቶች በድብቅ ተቀላቅለው መገኘታቸው፣ በፌኒቶይን የተመረዙ ሰዎች ከሆንግ ኮንግ ሪፖርት መደረጋቸውም የታወቀ ነገር ነው። መንገዳገድ፣ የአንደበት መተሳሰርና ማንቀላፋት ደግሞ ፌኒቶይን ከመጠን በላይ ሲሆን ሐኪሞች የሚጠብቋቸው ምልክቶች ናቸው፤ ዓይኑ ወደ ጎን ሲያይ እየተንቀጠቀጠ የሚመላለስ ከሆነም ለሐኪሙ ይንገሩ።

አስቸጋሪው ነገር እዚህ ላይ ነው። እንክብሉ ውስጥ ያለው ፌኖባርቢታል ከሆነና በድንገት ካቋረጠ፣ ከቀድሞው የባሰ መንቀጥቀጥ ሊነሣበት ይችላል፤ መውሰዱን ከቀጠለ ደግሞ መመረዙ ይከፋል። በየአቅጣጫው አደጋ ስላለ ውሳኔው የሐኪም መሆን አለበት፤ ሐኪሙም በደም ውስጥ ያለውን የመድኃኒት መጠን ማስለካት፣ አስፈላጊ ሲሆንም አስተኝቶ መከታተል ይችላል። ወንድምዎ ለመቀስቀስ ካስቸገረ ወይም ትንፋሹ ከከበደ አንድ ሰዓት እንኳ አይጠብቁ።

ሲሄዱ ሐኪሙ ብረት ነክ መመረዝንም እንዲያስብ ይጠይቁ። በቻይና ባህላዊ ሕክምና አእምሮን ያረጋጋል ተብሎ ለሚጥል በሽታ ሲታዘዝ የኖረው ቀይ ማዕድን፣ ሲናባር የሚባለው፣ የሜርኩሪ ውሕድ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ኩላሊትንና የነርቭ ሥርዓትን ሊጎዳ ይችላል። በዚሁ ሕክምና ጊንጥና መቶ እግር ደርቀው ተፈጭተው የሚገቡባቸው ቅመሞችም አሉ። የሚያስፈራው ነፍሳቱ መሆናቸው ሳይሆን በአንዱ እንክብል ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ማንም የማይለካው መሆኑ ነው። ኤፌድራ የሚባለው ዕፅም፣ ለጉንፋንና ለማቅጠኛ በሚሸጡ ቅመሞች ውስጥ የሚገባው፣ ራሱ መንቀጥቀጥ ሊቀሰቅስ ስለሚችል የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሊርቀው ይገባል።

ሌሎች ነጋዴ ወንድሞችና እኅቶች ይህን እንዲያነቡት እንወዳለን፤ ከጓንዡም ሆነ ከዱባይ ለዘመድ መድኃኒት ይዞ መምጣት ከፍቅር የመነጨ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን በፋርማሲ የሚሸጠው ክኒን ላይ «ፌኖባርቢታል 100 ሚሊ ግራም» ተብሎ ሲጻፍ ሐኪሙ የሰጠውን ያውቃል፤ ከሱቅ የተገዛው እንክብል ላይ የተጻፈው «የተፈጥሮ» የሚል ቃል ግን ለማንም የሚነግረው ነገር የለም።

ጥያቄ፦ በእስራኤል የምኖር የልብስ ስፌት ሠራተኛ ነኝ። የሚጥል በሽታዬ ደፓለፕት በተባለው የቫልፕሮኤት ክኒን ከተገታ ዓመታት አልፈዋል። አሁን ለአንገቴና ለትከሻዬ ሕመም ኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ድርጅቴ) አኩፓንክቸር ሊሰጠኝ ነው። የሚጥል በሽታ ስላለብኝ ይከለከልብኛል? (ከነታንያ)

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ አይከለከልም፤ ለአንገት ሕመም ብለው መሄድዎም አግባብ ነው። መርፌ የሚተክልልዎትን ሰው ግን አስቀድመው ሊነግሩት የሚገባ ጥቂት ነገር አለ። የሚጥል በሽታ እንዳለብዎ፣ የመጨረሻው የወደቁበት ጊዜ መቼ እንደነበረና ሲመጣ ምን እንደሚመስል ይንገሩት። ቫልፕሮኤት በአንዳንድ ሰዎች ላይ ደምን የሚያረጉትን ሕዋሳት ስለሚቀንስ በቀላሉ የሚበልዝ ሰውነት ካለዎት ያሳውቁት፤ ሐኪምዎም የደም ምርመራ ሊያዝልዎ ይችላል። በመርፌዎቹ በኩል ኤሌክትሪክ የሚለቀቅበት ዓይነት አለ፤ እሱን በጭንቅላትና በአንገት አካባቢ እንዳያደርግብዎ ይጠይቁት። መርፌው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግልና ከታሸገ ወረቀት በፊትዎ የሚወጣ መሆን አለበት። በትከሻና በደረት አካባቢ በጥልቀት የሚገባ መርፌ አልፎ አልፎ ሳንባን ሊወጋ ስለሚችል፣ ከቀጠሮው በኋላ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ካጋጠመዎት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

በጾም ባዶ ሆድዎን ወይም እንቅልፍ አጥተው አይሂዱ፤ ተኝተው እንጂ ተቀምጠው አይወጉ። መርፌ ሲገባ አንዳንድ ሰው በድንጋጤ ደም ግፊቱ ወርዶ ራሱን ይስታል፤ እጅና እግሩም ለጥቂት ሰኮንዶች ሊንቀጠቀጥ ስለሚችል ከሚጥል በሽታ ጋር ይምታታል። ራሱን የሳተው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነቅቶ ያለበትን ያውቃል፤ የሚጥል በሽታ ከሆነ ግን ከነቃ በኋላም ለብዙ ደቂቃ ግራ ተጋብቶ ይቆያል። የትኛው እንደነበረ በኋላ ለነርቭ ሐኪምዎ መንገር ስለሚኖርብዎ፣ መርፌ ሰጪው ያየውን እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ።

መርፌ በሰውነትዎ ላይ እያለ መንቀጥቀጥ ቢነሣብዎ ምን እንደሚደረግ አስቀድማችሁ ብትነጋገሩ መልካም ነው። ባለሙያው ክፍሉን ጥሎ እንዳይሄድ፣ የመጥሪያ ደወልም በእጅዎ እንዲኖር ያድርጉ። መንቀጥቀጡ ሲጀምር ሊደረስባቸው የሚችሉት መርፌዎች ቶሎ ይነቀላሉ፤ ከዚያ በጎንዎ እንዲተኙ ይደረጋል፤ ሰዓት ይያዛል። አብሮዎት የሚሄድ ዘመድ ካለ፣ እንደ አገር ቤቱ ክብሪት ጭሮ ማሽተትም ሆነ አፍ ውስጥ ማንኪያ ማስገባት እንደማይጠቅም፣ ማንኪያው ጥርስ ሊሰብር እንደሚችልም ይንገሩት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቁ ከደገመዎት ወደ አምቡላንስ፣ ወደ 101፣ ይደወላል። መንቀጥቀጡ ሲያበቃ መርፌዎቹ አንድ በአንድ መቆጠር አለባቸው፤ ጡንቻ ሲጨማደድ መርፌ ሊታጠፍ ወይም ሊሰበር ስለሚችል፣ ከተተከሉት አንዱ እንኳ ከጎደለ ወይም ጫፉ ከሌለ ቦታው በራጅ ሳይታይ ከክሊኒኩ አይውጡ።